ለክረምት ትምህርት እንግሊዝ ስትገቡ፦ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዴት ማለፍ ይቻላል?

የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው፤ ቢሆንም ሹራብና ጃንጥላ ያዙ። የተቀባይነት ደብዳቤውንና የማደሪያችሁን አድራሻ አትማችሁ በእጅ ቦርሳችሁ አድርጉ። በሻንጣ ውስጥ ከተቀመጡ የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ሲጠይቃችሁ የምታሳዩት አይኖራችሁም።

ከሁሉ በፊት ግን ገንዘቡን አስተካክሉ። ለአራት ሳምንት ትምህርት ወደ ኦክስፎርድ ስነሳ አክስቴ ለዓመታት በዳዊቷ ውስጥ ያስቀመጠቻቸውን አምስት ባለ 20 ፓውንድ ኖቶች በእጄ አስጨበጠችኝ። በደረስኩ ማግሥት ዳቦና ወተት ይዤ ልከፍል ስል ገንዘብ ተቀባይዋ ኖቱን አገላብጣ አየችና መለሰችልኝ። ሐሰተኛ ሆኖ አይደለም፤ ወረቀት ስለሆነ ነው። የወረቀት ባለ 20 እና ባለ 50 ፓውንድ ኖቶች እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 በኋላ መገበያያ መሆናቸው አብቅቷል። ባለ 5 እና ባለ 10 ደግሞ ከዚያ ቀደም ብለው ወጥተዋል።

ስለዚህ ዘመድ ፓውንድ ሲሰጣችሁ እዚያው ዳስሱት። የሚሠራው ኖት ፕላስቲክ ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፍ መስኮትም አለው። አሮጌው ኖት ዋጋው አይጠፋም፤ ለንደን ትሬድኒድል ጎዳና ላይ ያለው የእንግሊዝ ባንክ ይለውጠዋል። ፓስፖርት ይዛችሁ፣ በሥራ ቀን መሄድ አለባችሁ። እኔ ለዚህ ስል አንድ ሙሉ የትምህርት ቀን አጣሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ብርን እዚያ እመነዝራለሁ ብላችሁ አትመኑ። ከመነሳታችሁ ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ከባንካችሁ ውጭ አገር የሚሠራ፣ በማስጠጋት ብቻ የሚከፍል ካርድ አውጡ። የለንደን አውቶቡሶች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም።

በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ካርዱን ስትገቡም ስትወጡም አስጠጉ፤ በአውቶቡስ ስትሳፈሩ ብቻ ነው። በካርድ ገብታችሁ በስልክ ከወጣችሁ፣ ሁለቱም ከአንድ ሒሳብ ቢከፍሉ እንኳ፣ እንደ ሁለት ያልተጠናቀቁ ጉዞዎች ተቆጥረው ከፍተኛው ዋጋ ይታሰብባችኋል። አንዱን መርጣችሁ ጽኑ። እኔ ካርዱን እመርጣለሁ፤ የስልክ ባትሪ ማታ ላይ ያልቃል።

መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። መኪናው የሚመጣው ከዚያ ነው።

የግድግዳ ሶኬታቸው ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ስላለው መለወጫ ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ ሂዱ። አብዛኛው ሶኬት የራሱ ማብሪያ ስላለው እሱንም ተጫኑት።

እሑድ የምትደርሱ ከሆነ የራት ነገር አስቀድማችሁ አስቡበት። በእንግሊዝ ትልልቅ መደብሮች እሑድ መክፈት የሚችሉት ከጠዋቱ 4 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ለስድስት ሰዓት ብቻ ነው። በሰኔ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ ገና ቀን ነው ብሎ የተዘናጋ ሰው ሳይበላ ያድራል። የቧንቧው ውኃ ይጠጣል፤ የታሸገ በመግዛት ገንዘብ አታባክኑ።

ፍልሰታ እዚያ ከደረሰባችሁ አትጨነቁ። በምግብ መያዣው ላይ «ቪጋን» የሚለውን ፈልጉ፤ ሥጋም ወተትም ዕንቁላልም የለበትም። «ቬጀቴሪያን» የሚለው ግን ወተትና ዕንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል ለጾም አይሆንም። እናቴ ያሸከመችኝ ሽሮና በርበሬም በጋራ ኩሽናው ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር አስተዋውቆኛል።

የቀረው ክፍል ውስጥ መናገር ነው። እኛ ለመምህር አክብሮታችንን የምንገልጸው በዝምታ ነው፤ እዚያ ግን በውይይት ክፍለ ጊዜ ዝም ያለ ተማሪ ንባቡን እንዳላነበበ ይቆጠራል። የመጀመሪያውን ሳምንት በዚህ ምክንያት አባከንኩት። ከመግባታችሁ በፊት ከንባቡ አንድ ጥያቄ በወረቀት ጻፉ። ውይይቱ እንደተጀመረ፣ ሌሎች ተማሪዎች ሳይቀድሟችሁ፣ ጠይቁት።