ጥንቸሏ ልጆቿን አልጣለቻቸውም

ለገጣፎ ጥንቸል ማሳደግ ከጀመርኩ ወዲህ በብዛት የምሰማው አቤቱታ አንድ ነው፦ «እናትየው ልጆቿን ጣለቻቸው፤ ዞር ብላም አታያቸው!» ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ በተወለዱ በነጋታው ከነሳጥኑ ተሸክማቸው መጣች። ሌሊቱን ሙሉ የላም ወተት በሲሪንጅ ስትግታቸው አድራለች። ሁለቱ ትን ብሏቸው ሞተዋል።

እባካችሁ፣ ጥንቸል ዶሮ አይደለችም። ልጆቿ ላይ አትተኛም። በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ እናንተ ተኝታችሁ ሳለ፣ ለጥቂት ደቂቃ አጥብታ ትሄዳለች። የምትርቀው አውሬ ጎጆውን እንዳያውቅባት ነው። ወተቷ ከላም ወተት እጅግ የወፈረ ስለሆነ ይበቃቸዋል። ከጠረጠራችሁ ጠዋት ሆዳቸውን እዩ። ክብ ብሎ ከተወጠረ ጠብተዋል። ቆዳቸው ተሸብሽቦ ሆዳቸው ከጎደለ ያኔ ሐኪም ጥሩ። እጃችሁ ስለነካቸውም አትጥላቸውም።

ቀጣዩ ጥፋት የራሴ ነው። ሻጩ «ሁለቱም ሴቶች ናቸው» አለኝ፤ አመንኩት። ብዙም ሳይቆይ ሰባት ልጆች! ያኔ እንኳን ወንዱን አልለየሁትም፤ ብቻውን ይከፋዋል ብዬ አዘንኩለት። ለካ በወለደች ዕለት እንደገና ማርገዝ ትችላለች። በ31ኛው ቀን ሌላ ስድስት።

ቀኑን ጻፉ። እርግዝናው ከ28 እስከ 32 ቀን፣ በአብዛኛው 31 ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀላል ነው፤ ጥቅምት 5 ከወንድ ከተገናኘች ኅዳር 6ን ጠብቁ። ጳጉሜን መሀል ከገባች አምስት ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ስድስት ቀን ቀንሱ።

ሆዷን አትጭመቁ። ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን የለመደ እጅ የወይን ፍሬ የሚያካክሉ ነገሮች ይዳስሳል። ያልለመደ እጅ የሚያገኘው አንጀቷ ውስጥ ያለውን ዓይነምድር ነው።

ለጎጆዋ ጸጉሯን ነጨች ማለት ሁልጊዜ ልትወልድ ነው ማለት አይደለም። የሐሰት እርግዝና ከ16 እስከ 18 ቀን ይቆያል። በ17ኛው ቀን ጎጆ ከሠራች ባዶዋን ሳትሆን አትቀርም።

የመውለጃ ሳጥኑን በ28ኛው ቀን አስገቡ፤ ድርቆሽ ሙሉበት። የነጨችውን ጸጉር ግን ቆሻሻ ነው ብላችሁ እንዳትጠርጉት! ልጆቹ ራቁታቸውን ነው የሚወለዱት፤ የሐምሌን ሌሊት ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ።

የጎረቤቴ አራቱ ተርፈዋል። እናታቸው ጋ መልሰናቸው፣ በ11ኛው ቀን ዓይናቸውን ገለጡ። ጎረቤቴ ወንዶቹን ለይታለች ወይ ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁኝ።