የመድኃኒት ፋብሪካ ፍሳሽና ዘረመል፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በደቡብ ሕንድ፣ ከሃይደራባድ ከተማ ወጣ ብሎ ፓታንቼሩ የሚባል የኢንዱስትሪ አካባቢ አለ። ወደ 90 የሚጠጉ የመድኃኒት አምራቾች ፍሳሻቸውን ወደ አንድ የጋራ ማጣሪያ ጣቢያ ይልኩ ነበር። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ተጣርቶ ከዚያ በሚወጣው ውሃ ውስጥ በሊትር እስከ 31 ሚሊ ግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን (በአጭሩ ሲፕሮ) የተባለ አንቲባዮቲክ ማግኘታቸውን ገለጹ። 500 ሚሊ ግራም የሲፕሮ ክኒን የዋጠ ሰው በደሙ ውስጥ የሚገኘው ከፍተኛ መጠን በሊትር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም ቢሆን ነው። በቀን ከጣቢያው የሚወጣው ሲፕሮ 45 ኪሎ ግራም እንደሚሆን ተገመተ፤ በጊዜው 9 ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት ስዊድን በአምስት ቀን የምትጠቀመው ያህል መሆኑ ነው።

ይህን የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል፦ «የልጆቻችን ዘር ተበላሸ» ወይም «ወሬው ተጋኗል»። ሁለቱም ከጉዳዩ ያርቃሉ። በተለይ የሚከተሉት ስህተቶች በተማሩ ሰዎች መካከል ሳይቀር ይደጋገማሉ።

የዘረመል ጉዳት ሁሉ ለልጅ ይተላለፋል ብሎ ማሰብ

በሳንባ፣ በጉበት ወይም በፊኛ ሕዋስ ውስጥ የተጎዳ ዲኤንኤ በዚያው ሰው ላይ ይቀራል። አደጋው ካንሰር ነው፤ የሚታየውም ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ ነው። ለልጅ የሚተላለፈው በእንቁላል ወይም በወንድ ዘር ሕዋስ ላይ የደረሰ ለውጥ ብቻ ነው። በሰው ልጅ ላይ ይህ ደርሶ እንደሆነ በሰፊው የተፈተሸው በሂሮሺማና በናጋሳኪ ነው። ከቦምቡ በተረፉ ወላጆች የተወለዱትን ጨምሮ በሁለቱ ከተሞች ከ70 ሺህ በላይ ሕፃናት ተመርምረው፣ በወላጆቻቸው ለጨረር መጋለጥ ሊሳበብ የሚችል ጉልህ የአካል ጉድለት ጭማሪ አልተገኘም። ወላጆቹ ራሳቸው ግን ካልተጋለጡ ሰዎች ይልቅ በካንሰር አብዝተው ተጠቁ። ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ ስንናገርም ልጅ ልጆችን ከመጥራታችን በፊት ዛሬ ውሃውን የሚነካውን ሠራተኛና በአጠገቡ የሚኖረውን ገበሬ ማሰብ ይቀድማል።

መድኃኒቱን ብቻ መፈለግ

በፍሳሹ ውስጥ ያለው መድኃኒት ብቻ ይመስለናል። አንድ ኪሎ ንጥረ ነገር ለማምረት ግን ብዙ ኪሎ ማሟሟቂያና ሌላ ኬሚካል ይፈስሳል። ከማሟሟቂያዎቹ ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን benzene የተባለው ኬሚካል) እና ትራይክሎሮኤቲሊን በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ምደባ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ጎራ ናቸው፤ ዳይክሎሮሜቴን ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የደም ግፊት መድኃኒቱ ቫልሳርታን በብዙ አገሮች ከገበያ የተሰበሰበው ኤንዲኤምኤ የተባለ ዲኤንኤን የሚጎዳ ኬሚካል ስለተገኘበት ነበር። ቫልሳርታኑ ጥፋት አልነበረበትም፤ ኤንዲኤምኤውን የፈጠረው በማምረት ጊዜ የማሟሟቂያውና ሶዲየም ናይትራይት የተባለው ኬሚካል መገናኘት ነው። ክኒኑ ውስጥ የገባ ነገር ወደ ፍሳሹ እንዳልገባ ማን ዋስ ይሆናል?

ከመድኃኒቶቹም ሁሉም እኩል አይደሉም። ለካንሰር ሕክምና የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋማይድ ራሱ ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል፤ ሥራው ዲኤንኤን መጉዳት ነውና አያስገርምም። እንዲህ ያለው መድኃኒት ወደ ፍሳሽ የሚገባው ግን ከፋብሪካ ይልቅ በአመዛኙ በታካሚዎች ሽንት በኩል ነው። ፋብሪካ ሲወቀስ ሆስፒታሉም መረሳት የለበትም።

ውሃው ጠርቷል ብሎ መተማመን

ማጣሪያ ጣቢያዎች በተለምዶ የሚለኩት ፍሳሹ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚፈጅ፣ ምን ያህል ደለልና አሲድ እንዳለው ነው። እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ደንቡን አሟልተው ዲኤንኤ የሚጎዳ ነገር ሊያልፍ ይችላል፤ የማይለካ ነገር በሪፖርት ውስጥ አይታይም።

የሽንኩርት ምርመራን የሐኪም ምርመራ ማድረግ

ፍሳሽ ዘረመልን ይጎዳ እንደሆነ ለማወቅ ርካሽና የታወቀ ዘዴ አለ። የቀይ ሽንኩርት ሥር በውሃው ውስጥ እንዲያድግ ተደርጎ፣ የሥሩ ጫፍ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የተሰበሩ ወይም የተዛነፉ ክሮሞዞሞች ይቆጠራሉ። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ብሩስ ኤምስ በሳልሞኔላ ባክቴሪያ ያዘጋጀው ምርመራ ነው፤ ኬሚካሉ የባክቴሪያውን ዘረመል ይለውጥ እንደሆነ ያሳያል። ሁለቱም ጥሩ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው፤ ከዚያ ያለፈ ግን አይደሉም። «ሽንኩርቱ ተጎዳ፣ እንግዲህ ሰፈሩ ካንሰር ይይዘዋል» የሚል ዜና ባነበብኩ ቁጥር ስንት ሊትር፣ ለስንት ዓመት፣ በየትኛው መንገድ ወደ ሰው ገባ የሚለው ጥያቄ ተዘልሎ አገኘዋለሁ።

ውጤቱ ንጹሕ ሲሆንም ቸኩሎ እልል ማለት አይገባም። ከላይ የጠቀስነው ሳይክሎፎስፋማይድ አደገኛ የሚሆነው በጉበት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ ነው። ስለዚህ የኤምስ ምርመራ የጉበት ኢንዛይም ሳይጨመርበት ከተሠራ ሊያመልጠው ይችላል። የላቦራቶሪ ውጤት የሚያነብ ጋዜጠኛ ይህንን አንድ ነገር ቢጠይቅ ብዙ ይገባዋል።

የባክቴሪያውን ዘረመል መርሳት

ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ ነው። የሰውን ዘረመል ስንጠብቅ፣ በገሃድ እየተለወጠ ያለውን አላየንም። ሲፕሮ ባክቴሪያ ዲኤንኤውን ለመተርተርና ለመጠቅለል የሚጠቀምበትን ኢንዛይም ያሰናክላል። በመድኃኒት በተሞላ ውሃ ውስጥ የሚተርፉት ያ ኢንዛይማቸው የተለወጠ ወይም መከላከያ ጂን የያዙ ናቸው። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው፣ ከመከላከያ ጂኖቹ ብዙዎቹ ፕላዝሚድ በሚባሉ ተንቀሳቃሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች ላይ መቀመጣቸው ነው። ቀለበቱ ከአንዱ የባክቴሪያ ዝርያ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ጉዳት የሌለው የወንዝ ባክቴሪያ ያካበተውን በሽታ አምጪው ሊወርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ከፓታንቼሩ ማጣሪያ በታች ባለው የወንዝ ደለል ውስጥ እነዚህ ጂኖችና አጓጓዦቻቸው በብዛት ተገኝተዋል።

እዚህ ላይ አንድ በቀና ልብ የተሠራ ስህተት አለ። የማጣሪያው ባክቴሪያዎች ሥራቸውን እንዲያፋጥኑ ተብሎ በፓታንቼሩ የሰው መጸዳጃ ፍሳሽ ከፋብሪካው ፍሳሽ ጋር ይቀላቀል ነበር። ለማጣሪያ መሐንዲስ ይህ ብልሃት ነው። ሐኪም ቢያየው ግን የሰው አንጀት ባክቴሪያ ከከባድ የመድኃኒት መጠን ጋር በአንድ ገንዳ ተገናኝቶ እንዲለማመድ መፍቀድ ነው። «በሌላ ውሃ አቅጥነነዋል» የሚለው ማጽናኛም ብዙ አይራመድም። ባክቴሪያ እንዳይላመድ ለሲፕሮ የተጠቆመው ገደብ በሊትር 0.06 ማይክሮ ግራም (ማይክሮ ግራም የሚሊ ግራም አንድ ሺኛ ነው) ገደማ ነው፤ የፓታንቼሩ ውሃ ወደዚያ ለመውረድ ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ ያህል መቅጠን ነበረበት።

በቤት ውስጥ ማፍላትም ለተቅማጥ ተሕዋስያን እንጂ ለዚህ ኬሚካል መፍትሔ አይደለም። ሲፕሮ በፈላ ውሃ አይጠፋም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር ይበልጥ ይከማቻል።

የሕንድን ቁጥር ለአቃቂ መስጠት

በኢትዮጵያ ያሉት የመድኃኒት ፋብሪካዎች በአብዛኛው ዋናውን ንጥረ ነገር ከውጭ አስመጥተው ክኒን፣ ሽሮፕና እንክብል የሚያዘጋጁ ናቸው። ስለዚህ ፍሳሻቸው ከፓታንቼሩ ጋር አይመሳሰልም። የአቃቂ ወንዝ ደግሞ የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የሆስፒታልና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ሁሉ የሚደባለቅበት ነው። በአቃቂ ውሃ ሽንኩርት ቢጎዳ መድኃኒት ፋብሪካውን ብቻ መክሰስ ሌላውን ነጻ መልቀቅ ይሆናል። ከወንዙ የሚጠጡ የአትክልት ማሳዎች ስላሉ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም፤ የሚመለሰው ግን በየመግቢያው ናሙና ወስዶ በመለየት ነው።

ከሕንድ ጋር ያለን እውነተኛ ግንኙነት በሌላ በኩል ነው። በመድኃኒት መደብሮቻችን ከሚሸጠው ብዙው ከዚያ ይመጣል፤ ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያትም የፍሳሹን ዋጋ ሌላ ሰው ስለሚከፍል ነው።

ሕግ አለና ይበቃል ማለት

ሕንድ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ሊኖር ለሚችል አንቲባዮቲክ ገደብ የሚያስቀምጥ ረቂቅ አወጣች፤ በ2021 በጸደቀው ደንብ ላይ ግን ገደቡ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ስለ አንቲባዮቲክ ማምረቻ ፍሳሽ መመሪያ አውጥቷል፤ መመሪያ ነው፣ አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ለጊዜው የተሻለ አቅም ያለው በብዛት የሚገዛ ነው። መንግሥታዊ የመድኃኒት ግዢ ጨረታ ከዋጋና ከጥራት ጎን «ከፋብሪካው በር የሚወጣው ውሃ ስንት ማይክሮ ግራም አንቲባዮቲክ አለው?» የሚል መስመር ቢጨምርበት፣ አምራቹ መለካት ይጀምራል።