በጎንደር ኮንዶሚኒየም ለመኖር ሲያስቡ

ቤቱን ለመግዛት ከመስማማትዎ በፊት የሕንፃውን ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ጠይቀው ያንብቡ። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ክፍሎቹ የእርስዎ የግል ሀብት ሲሆኑ፣ ደረጃው፣ ጣሪያውና ኮሪደሩ ግን የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ንብረት ስለሆኑ የጥገናቸውን ወጪ አብረው ይሸፍናሉ። ስለዚህ ሻጩ ውዝፍ መዋጮ እንደሌለበት ከማኅበሩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ይቀበሉ፤ «የለብኝም» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ወስደው ሊያጣሩት የሚገባው ውሃ ነው። ለከተማዋ ውሃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብ በደለል የተቸገረ ሲሆን፣ ውሃው በፈረቃ በሚመጣበት ጊዜ ግፊቱ ወደ ላይኛው ወለል ላይደርስ ይችላል። ቧንቧውን ራስዎ ከፍተው ይመልከቱ፤ ሮቶ መኖሩን፣ ፓምፑም የማን እንደሆነና የመብራት ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል ይጠይቁ። በየበሩ የተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች ካዩ ከደላላው ማብራሪያ ይልቅ እነርሱን ይመኑ።

በግ ለማረድም ሆነ በርበሬ ለማስጣት ኮሪደሩን አይጠቀሙ። የጋራ መገልገያ ቤት ካለ ተራዎን አስቀድመው ያስይዙ፤ በተለይ በጥምቀት ሰሞን በየቤቱ እንግዳ ስለሚበዛ ዘግይቶ የጠየቀ ቦታ አያገኝም። ግድግዳ ማፍረስ ከፈለጉ ደግሞ ግንበኛ ከመጥራትዎ በፊት የማኅበሩን ፈቃድ በጽሑፍ ያግኙ።