የባስ ጀልባ ሞተርን ከፍታ በልኬት ማስተካከል

ባስ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ የሚያገለግለው ፈጣኑ ባስ ጀልባ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ አብዛኛው አካሉ ከውሃ በላይ ነው። ጀልባውን የሚሸከመው ከሆዱ መሃል ወደ ኋላ የተዘረጋው ጠባብና ጠፍጣፋ ክፍል፣ በሙያው አጠራር ፓድ የሚባለው ሲሆን፣ ከእርሱ ሌላ ውሃ ውስጥ የሚቀረው የሞተሩ የታችኛው ክፍልና ፕሮፔለሩ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የውሃው መጎተት ወደ አራት እጥፍ ስለሚያድግ፣ በዝግታ ጉዞ ምንም የማይመስለው፣ በዚህ የሞተሩ የታችኛ ክፍል ያለው የማርሽ ሳጥን በሙሉ ፍጥነት ከባድ ሸክም ይሆናል። ሞተሩን ከፍ ማድረግ ፍጥነት የሚጨምረውም ይህን ሸክም ስለሚቀንስ ነው። ይሁን እንጂ ፕሮፔለሩ የሚገፋው፣ ሞተሩ የሚቀዘቅዝበትና መሪው የሚታዘዝበት ያው ውሃ ነው። የምንፈልገው ከፍታ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም ሳይጓደል ሊደረስበት የሚችለው የመጨረሻው ከፍታ ሲሆን፣ ይህንን የሚነግሩን ጌጆች እንጂ ጆሯችን አይደለም፤ ከልክ በላይ የተነሳ ሞተር ድምፁ ቀለል ብሎ ስለሚጮህ ፈጥኖ የሚሄድ ይመስላል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጀልባው ላይ የዙር መቁጠሪያ፣ ጂፒኤስና የውሃ ግፊት ጌጅ መኖር አለባቸው። የውሃ ግፊት ጌጅ የሌለው ጀልባ ላይ ሞተር ከፍ ማድረግ ለእኔ የሚታሰብ ነገር አይደለም። የሙቀት ማስጠንቀቂያው የሚጮኸው ሞተሩ ከጋለ በኋላ ሲሆን፣ የግፊት ጌጁ ግን ገና ውሃው መቀነስ ሲጀምር ያሳያል። በጀልባው የኋላ ግድግዳና በሞተሩ መካከል የሚገባው፣ ሞተሩን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ጃክ ፕሌትም ሥራውን እጅግ ያቀልለዋል። ጃክ ፕሌት በሌለበት ሞተሩ የሚነሳው የማሰሪያ ቀዳዳዎቹን ደረጃ በመቀየር ብቻ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ለጥሩ ማስተካከያ በጣም ትልቅ ይሆናል።

ትክክለኛው ልኬት ከፓዱ የታችኛው ገጽ እስከ ፕሮፔለሩ ዘንግ መሃል ያለው ቁመት ነው። ብዙዎች ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን አግድም ሰሌዳ ከጀልባው ሆድ ጋር በዓይን ያስተያያሉ፤ ነገር ግን ከዚያ ሰሌዳ እስከ ዘንጉ ያለው ርቀት ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ የአንዱን ጀልባ ልኬት ለሌላው ማዋል አይቻልም። ለመለካት ጀልባውን ተጎታቹ ላይ እንዳለ በተስተካከለ የሲሚንቶ ወለል ላይ ያቁሙት፤ ውሃ ልክ ፓዱ ላይ ይዘውም የተጎታቹን አፍንጫ ከፍና ዝቅ በማድረግ ፓዱ አግድም እንዲሆን ያድርጉ። ቀጥሎ አግድሙ ሰሌዳ ከፓዱ ጋር ትይዩ እስኪሆን ድረስ ሞተሩን በትሪሙ፣ ማለትም የሞተሩን ዝማሜ በሚቀይረው መቆጣጠሪያ፣ ያስተካክሉ። ይህ ካልተደረገ ሞተሩ በዘመመ ቁጥር ዘንጉ ቦታውን ስለሚለቅ ልኬቱ ውሸት ይሆናል። ከዚያ ከወለሉ እስከ ፓዱ የኋላ ጫፍ፣ እንዲሁም ከወለሉ እስከ ዘንጉ መሃል ይለኩና ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ይቀንሱ። ለምሳሌ ፓዱ 24 ኢንች፣ ዘንጉ 20.5 ኢንች ላይ ቢገኝ፣ ዘንጉ ከፓዱ በታች 3.5 ኢንች፣ ማለትም ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ጊዜ ለክተው ቁጥሩን ይጻፉት።

የጀልባው አምራች መነሻ ከፍታ ከሰጠ ከእርሱ ይጀምሩ። ካልሰጠ ግን መደበኛ የታችኛ ክፍል ላለው ሞተርና ባለ ፓድ ጀልባ 3.5 ኢንች ጥሩ መነሻ ነው። አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ጀልባዎች ከ3 እስከ 3.5 ኢንች ባለው ውስጥ ጠባያቸው የሚያምር ሲሆን፣ ሞተሩን ከዚያ በላይ ማንሳት፣ ማለትም ቁጥሩን ከ3 ኢንች በታች ማውረድ፣ የሚቻለው ለዚያ በሚመች ፕሮፔለርና ዝቅ ብሎ በተሠራ የውሃ መግቢያ ነው።

በእጅ በሚሠራ ጃክ ፕሌት ላይ የማቀፊያ ቡሎኖቹ የሚላሉት ሳህኑ እንዲንሸራተት ያህል ብቻ ነው፤ ጨርሶ አይወጡም። ባለ 200 ወይም 250 የፈረስ ጉልበት ሞተር ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ ክብደቱ በማንሻ ቡሎኑ ላይ ወይም በተጨማሪ ማንሻ ላይ ማረፉን ሳያረጋግጡ ምንም ነገር አያላሉ። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር የነዳጅ ቱቦው፣ የመሪው ቱቦዎችና ሽቦዎቹ አብረው ስለሚሳቡ፣ መሪውን ወደ ሁለቱም ዳር አዙረው፣ ሞተሩንም በትሪሙ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሰው የሚወጠር ወይም የሚቆነጠጥ ነገር አለመኖሩን ይመልከቱ። ከዚያም ቡሎኖቹን አምራቹ በወሰነው ኃይል በቶርክ ሬንች ያጥብቁ። አንድ እርምጃ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። መጀመሪያ ላይ ግማሽ ኢንች ማንሳት ይቻላል፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ግን ከሩብ ኢንች በላይ መዝለል የሚፈለገውን ነጥብ ማለፍ ነው።

የሙከራው ጥራት በተመሳሳይ ሁኔታ መደገም ላይ ያርፋል። የነዳጁ መጠን፣ የተሳፋሪው ቁጥርና በሳጥኖቹ ውስጥ ያለው ዕቃ በየሙከራው አንድ ዓይነት ይሁን፤ ዓሣ ማቆያ ገንዳው ብቻውን ሲሞላ ከኋላ የሚጨምረው ክብደት ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። ሰው በሌለበት ሰፊ ውሃ ላይ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሰውና የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ከሰውነትዎ ጋር አስረው፣ በነፋሱ አቅጣጫና በተቃራኒው እየሄዱ አማካዩን ይውሰዱ። በእያንዳንዱ ከፍታ ላይ ትሪሙን እንደገና ይፈልጉ፤ ከፍ ያለ ሞተር ቀድሞ የለመደውን ትሪም ላይቀበል ይችላል። ቢቻል ጌጆቹን የሚያነብና የሚጽፍ ሁለተኛ ሰው ይኑር፤ የነጂው ዓይን ከውሃው ላይ መነሳት የለበትም። በየሙከራው የሚመዘገቡት ዙሩ፣ የጂፒኤሱ ፍጥነት፣ የውሃ ግፊቱና ጀልባው ከቆመበት ተነስቶ በውሃው ገጽ ላይ መንሸራተት እስኪጀምር የወሰደው ጊዜ ናቸው።

እነዚህን ቁጥሮች አንድ ላይ የሚያስተሳስራቸው በሙያው ስሊፕ የሚባለው ስሌት ነው። ፕሮፔለር ውሃ ውስጥ የሚሄደው እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ብሎን ስላልሆነ፣ በፒቹ መጠን፣ ማለትም በአንድ ዙር በሐሳብ ሊጓዝ በሚገባው ርቀት ልክ፣ ሊሄድ ከሚገባው ሁልጊዜ ትንሽ ይጎድላል፤ ስሊፕ የዚህ ጉድለት መጠን ነው። የሞተሩን የደቂቃ ዙር በኢንች በተለካው ፒች ያባዙ፤ ለማርሹ ምጣኔ፣ ማለትም ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ለሚዞረው ቁጥር፣ ያካፍሉ፤ ውጤቱን ደግሞ ለ656 ሲያካፍሉ በሰዓት ኪሎ ሜትር የሚለካውን የሐሳብ ፍጥነት ያገኛሉ። ለምሳሌ በ5600 ዙር፣ በ25 ኢንች ፒችና በ1.75 ምጣኔ የሐሳቡ ፍጥነት ወደ 122 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጂፒኤሱ 110 ካሳየ ስሊፑ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህም በደንብ ለተስተካከለ ባስ ጀልባ የተለመደ ነው። አሁን ሞተሩን ሩብ ኢንች አንስተው ዙሩ 5700 ቢደርስና ፍጥነቱ 113 ቢሆን ስሊፑ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል፤ ማንሳቱ ጠቅሟል ማለት ነው። ዙሩ 5700 ሆኖ ፍጥነቱ በዚያው 110 ላይ ቢቆም ግን ስሊፑ ከ11 በመቶ ይበልጣል። የተጨመረው ዙር ውሃውን መበጥበጥ እንጂ ጀልባውን መግፋት ስላልሆነ፣ ያን ጊዜ ወደ ቀድሞው ከፍታ ይመለሱ።

ከቁጥሩ ጎን ለጎን ጀልባው ራሱ ምልክት ይሰጣል። ሞተሩ ሲበዛ ዝቅ ካለ መሪው ይከብዳል፣ ዙሩ አምራቹ ከወሰነው የላይኛ ክልል ሳይደርስ ይቀራል፣ ከኋላም ብዙ ውሃ ይረጫል። ሲበዛ ከፍ ካለ ደግሞ ጀልባው ለመነሳት ይዘገያል፣ መታጠፊያ ላይ ዙሩ በድንገት ይሸሻል፣ ትሪም ሲጨመር አፍንጫው በመነሳት ፈንታ ይወድቃል። ይህን የዙር መሸሽ ብዙ ሰው ካቪቴሽን ይለዋል፤ ካቪቴሽን ግን በዝቅተኛ ግፊት ምክንያት ውሃው ራሱ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የሚከሰት ሌላ ነገር ነው። እዚህ የሚሆነው ፕሮፔለሩ ከውሃው ገጽ አየር ወይም የሞተሩን ጭስ ስቦ ባዶውን መዞሩ ሲሆን፣ መድኃኒቱም ሞተሩን ዝቅ ማድረግ ወይም ውሃ አጥብቆ የሚይዝ ፕሮፔለር መግጠም ነው። ባለ አራት ቢላ ፕሮፔለር በአብዛኛው ከባለ ሦስት ቢላው የበለጠ ከፍታ ይታገሣል።

የመጨረሻው ወሰን የውሃ ግፊቱ ነው። በሙሉ ፍጥነት ሊኖር የሚገባው ዝቅተኛ ግፊት በሞተሩ መመሪያ ውስጥ ስላለ ከእርሱ በታች አይውረዱ። በተለይ ደግሞ መርፌው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ወይም ቀደም ባለው እርምጃ ከነበረበት በድንገት ከወረደ፣ የውሃ መግቢያዎቹ አየር መሳብ ጀምረዋልና ፍጥነቱ ምንም ያህል ቢያምር ወዲያው ይቀንሱ። ንባቡ የሚያገለግለው የውሃ ፓምፑ ጤነኛ ከሆነ ብቻ ስለሆነ፣ ያረጀ የፓምፕ ጎማ ካለ ከሙከራው በፊት ይቀየር።

ሃይድሮሊክ ጃክ ፕሌት ያለው ነጂ ሞተሩን ለመነሻ ዝቅ፣ ለፍጥነት ከፍ ማድረግ ስለሚችል አንድ አማካይ ከፍታ ለመምረጥ አይገደድም። ቋሚ ከፍታ የሚመርጥ ሰው ግን ጀልባውን በአብዛኛው በሚጭንበት ጭነት ይሞክረው፤ ባዶ ጀልባ የተቀበለውን ከፍታ ሁለት ሰውና ሙሉ ታንክ የጫነው ላይቀበለው ይችላል። የተገኘውን ከፍታ በማይለቅ ቀለም ሳህኑ ላይ ያመልክቱት፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት የጉዞ ሰዓቶች በኋላም የቡሎኖቹን ጥብቀት እንደገና ይፈትሹ። ፕሮፔለሩ በተቀየረ ጊዜ ደግሞ ሞተሩን ግማሽ ኢንች ዝቅ አድርገው ሙከራውን ከዚያ ይጀምሩ።