ሃቪንግ የተሳሳተ ውጤት ሲሰጥ፦ ችግሩና መፍትሄው

በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው በኤስኪውኤል፣ ዌር ረድፎችን፣ ሃቪንግ ደግሞ የተቧደኑ ረድፎችን የሚያጣራ ክፍል ነው፤ ካውንት(*) ረድፎችን ይቆጥራል። ከአምስት በላይ የግዢ ትእዛዝ ያላቸውን ደንበኞች ለማውጣት «ዌር ካውንት(*) > 5» ተብሎ ሲጻፍ ዳታቤዙ ጥያቄውን ሳያስኬድ ይመልሰዋል። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ እንደ ካውንት ያለ ብዙ ረድፎችን የሚያጠቃልል ተግባር በዌር ውስጥ እንደማይፈቀድ በግልጽ ሲናገር፣ ሌላው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል ስሕተት ቁጥር 1111 ያወጣል። መንስኤው ቅደም ተከተል ነው፤ ዌር ረድፎችን የሚያጣራው ግሩፕ ባይ ከማቧደኑ በፊት ስለሆነ፣ በዚያ ደረጃ የሚቆጠር ቡድን ገና አልተፈጠረም። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታው በሃቪንግ ከግሩፕ ባይ ቀጥሎ ይጻፋል፦

ግሩፕ ባይ ደንበኛ_መለያ
ሃቪንግ ካውንት(*) > 5

የሚወጡት ዓምዶች በሚዘረዘሩበት በሰለክት ላይ ለቆጠራው የተሰጠውን ስም በሃቪንግ ውስጥ መጥራት በማይኤስኪውኤል ይሠራል፤ በፖስትግሬስና በኤስኪውኤል ሰርቨር ግን ስሙ ስለማይታወቅ ተግባሩ ራሱ ተደግሞ መጻፍ አለበት።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ስሕተት ሳይታይ ውጤቱ ሲዛባ ነው። ምንም ትእዛዝ የሌላቸውን ደንበኞች ፈልገን የደንበኞችንና የትእዛዞችን ሠንጠረዦች በሌፍት ጆይን (የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ረድፎች ሁሉ በሚያቆይ ማገናኛ) ካገናኘን በኋላ «ሃቪንግ ካውንት(*) = 0» ብንል አንድም ረድፍ አይመጣም። ሌፍት ጆይን ትእዛዝ ለሌለው ደንበኛም የትእዛዝ ዓምዶቹ በሙሉ ነል (ዋጋ የሌላቸው) የሆኑበት አንድ ረድፍ ስለሚያቆይለት፣ ረድፍ ቆጣሪው ካውንት(*) ያንኑ ባዶ ረድፍ ቆጥሮ 1 ይላል። ነል ያልሆነውን ብቻ የሚቆጥረው ካውንት(ትእዛዝ_መለያ) ግን 0 ይሰጣልና በእርሱ መተካት ይበቃል። በዚሁ ጥያቄ ላይ «ዌር ትእዛዝ_ዓመት = 2024» ከተጨመረ ነል ከ2024 ጋር እኩል ሊሆን ስለማይችል ባዶዎቹ ረድፎች አስቀድመው ይወድቃሉ፤ ቅድመ ሁኔታው የማገናኛው ሁኔታ ወደሚጻፍበት ወደ ጆይኑ «ኦን» መዛወር አለበት። ይህን ስሕተት ልምድ ያላቸውም ሲደጋግሙት አይቻለሁ።

ድምሩ ከእውነተኛው በልጦ ከተገኘ ደግሞ ጆይኑን ይጠርጥሩ። 3 ትእዛዝና 2 አድራሻ ያለው ደንበኛ ሁለቱም ሠንጠረዦች ሲገናኙ 6 ረድፍ ስለሚሆን፣ እያንዳንዱ የትእዛዝ ዋጋ ሁለት ጊዜ ይደመርና ደንበኛው የማይገባውን የሃቪንግ ገደብ ያልፋል። ለቆጠራ፣ የተደጋገመውን አንዴ ብቻ የሚወስደው «ካውንት(ዲስቲንክት ትእዛዝ_መለያ)» ያስተካክለዋል። ደማሪው «ሰም(ዲስቲንክት ዋጋ)» ግን ዋጋቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ትእዛዞች አንዱን ስለሚጥል ሌላ ስሕተት ያመጣል፤ ትእዛዞቹን በንዑስ ጥያቄ አስቀድሞ በየደንበኛው መደመርና ጆይኑን ከዚያ በኋላ ማድረግ ይሻላል።