የማይጮኸው ዘበኛ፦ አኪታን በደሴና በኮምቦልቻ ለማሳደግ

በእኛ ዘንድ ጎበዝ ውሻ የሚባለው ኮቴ በሰማ ቁጥር ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ነው። አኪታ ለማሳደግ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ይህን መለኪያ መተው አለበት። ይህ ውሻ ያለ ምክንያት የማይጮኽ በመሆኑ፣ ዝምታውን እንደ ገርነት የሚቆጥር ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

ዝርያው የተገኘው በሰሜን ጃፓን፣ በረዶ በሚበዛበት ተራራማው የአኪታ አውራጃ ሲሆን፣ ቀድሞ ድብና የዱር አሳማ ይታደንበት ነበር። ጃፓን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 የተፈጥሮ ቅርስ አድርጋ መዝግባዋለች። የወንዱ ቁመት ከ64 እስከ 70፣ የሴቷ ከ58 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር ነው። ጌታው ከሞተ በኋላ እስከ 1935 ድረስ በሺቡያ ባቡር ጣቢያ ሲጠብቀው የኖረው ሐቺኮም አኪታ ነበር። ብዙዎች ዝርያውን የሚወዱት በዚሁ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ታማኝነት ለቤተሰቡ እንጂ ለጎረቤት የሚተርፍ አይደለም።

አንድ ሰው «ቤቶች!» ብሎ በሩን ገፋ ሲያደርግ አኪታው ተነሥቶ በእንግዳውና በእናንተ መካከል ይቆማል። ሰውነቱ ከደረቀ፣ አፉ ከተገጠመና ዓይኑን ከእንግዳው ላይ ካልነቀለ ማስጠንቀቂያው ያ ነው፤ ሌላ መጠበቅ አያስፈልግም። በዚህ ጊዜ እንግዳው ባለበት እንዲቆም ነግሮ ውሻውን በእርጋታ ማራቅ ይገባል። ቡናና ቅሬ (ዕድር) በማይለይበት በወሎ ሰፈሮች ሰው ሲገባና ሲወጣ ስለሚውል፣ ቡችላው ገና ከ3 እስከ 14 ሳምንት ባለው ዕድሜው ከሕፃናት፣ ነጠላ ከለበሱ አዛውንቶችና ከባጃጅ ድምፅ ጋር ቀስ በቀስ መላመድ አለበት። ለሶላት ውዱ ያደረገ ጎረቤትን እንዳይነካ ማሰሪያውን ማሳጠርም የጉርብትና ወግ ነው።

ቀን አስሮ ማታ መልቀቅ የተለመደ ቢሆንም ለአኪታ ፈጽሞ አይመከርም። ሌላ ውሻን፣ በተለይ ጾታው ከእርሱ ጋር አንድ የሆነውን፣ አይታገሥም። ዱላም አያስተምረውም፤ ይልቁንም ያኮርፋል፣ እምነቱንም ያጣል። በቁራጭ ሥጋ እያባበሉ በቀን ጥቂት ደቂቃ ማሠልጠን ይበልጣል።

የደሴው የጦሳ ተራራ ብርድ ለድርብ ጸጉሩ የተመቸ ነው። ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ ግን የእግር ጉዞው በማለዳና በምሽት መሆን አለበት፤ ጥላና ውኃም አይጓደልበት። ሙቀቱን ፈርቶ ጸጉሩን መላጨት ስሕተት ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ሲረግፍ በየቀኑ ማበጠር ይበቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም በወቅቱ ይሰጠው።

ከሁሉ በላይ የምፈራለት ግን ከማዕድ የሚተርፈውን ወጥ ነው። የወጣችን መሠረት የሆነው ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራል፤ ከጃፓን ዝርያዎች መካከል ደግሞ ደማቸው ለዚህ ጉዳት በተለይ የተጋለጠ ውሾች አሉ። ስለዚህ ያለ ቀይና ነጭ ሽንኩርት የተቀቀለ ሥጋና ሩዝ ለብቻው ይዘጋጅለት፤ የዶሮ አጥንትም አይጣልለት። ድግስ ሲኖር ደግሞ እንግዶች በፍቅር የሚወረውሩለትን ጉርሻ መከልከል ስለሚያስቸግር፣ ውሻውን ጓሮ መዝጋት ይቀላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ድዱ ከነጣ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ።