የሰፈር መግቢያ ባሪየር፦ ምን ይሠራል፣ እንዴት ይተከላል

ለገጣፎ፣ አያት ወይም ለቡ አካባቢ የነዋሪዎች ኮሚቴ ለባሪየር (ክንዱ እየተነሳና እየወረደ የመኪና መግቢያን ለሚዘጋ መሣሪያ) ገንዘብ ሲያዋጣ መጀመሪያ የሚነሳው የሌባ ነገር ነው። ሌባን ግን ባሪየር አያቆመውም፤ እግረኛው በጎን ያልፋል፣ ሞተር ሳይክሉም ይሾልካል። ባሪየር የሚችለው መኪናን ማዘግየትና፣ ካሜራ ካለው፣ የገባውን መመዝገብ ነው። ጡረተኞች በጎልፍ ጋሪ የሚንቀሳቀሱበት የፍሎሪዳው ዘ ቪሌጅስ እንኳ መንገዶቹ የሕዝብ ስለሆኑ እንግዳው ቁልፍ ተጭኖ ይገባል። የእናንተም መንገድ ወደ ሌላ ሰፈር የሚያሳልፍ ከሆነ ከመቆፈራችሁ በፊት ወረዳውን ጠይቁ።

ባሪየሩን ከዋናው አስፋልት ቢያንስ 12 ሜትር ወደ ውስጥ አስገቡት። ያለዚያ የቆሙት ሁለት መኪኖች ጭራ መንገዱ ላይ ይቀራል። ለእሳት አደጋ መኪና 4 ሜትር ክፍት ስፋት ተዉ።

መሬቱ ጥቁር አፈር ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሞተሩን የያዘው የባሪየሩ ሣጥንም ዘንበል ይልና ክንዱ ማረፊያውን ይስታል። ጥቁሩን አፈር አውጥታችሁ በሰሌክት (ውኃ ሲነካው በማያብጥ የተመረጠ የሙሌት አፈር) ተኩ፣ ጠቅጥቁ፣ ከዚያ ኮንክሪት ሙሉ። የኤሌክትሪክ ቱቦው ከሙሌቱ በፊት ይቀመጥ፤ ብዙ ጊዜ ተረስቶ ኮንክሪት የሚቦረቦረው ለዚህ ነው።

ሣጥኑ ውስጥ ክንዱን የሚያመጣጥነው ሞላ ከክንዱ ርዝመትና ክብደት ጋር መመጣጠን አለበት። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ መብራቱን አጥፉ፣ ክንዱ በእጅ እንዲንቀሳቀስ ሞተሩን በመልቀቂያ ቁልፉ ልቀቁ፣ ክንዱን 45 ዲግሪ ላይ ተዉት። ከወደቀ ሞላው ላልቷል፣ ከተነሳ ጠብቋል። በኋላ ክንዱ ላይ ሰሌዳ ወይም ባንዲራ ብታንጠለጥሉ ሚዛኑ ይፋለሳል።

ክንዱ መኪና ላይ እንዳይወርድ የሚጠብቀው መሬት ውስጥ የሚቀበረው ሉፕ፣ ማለትም መኪና ከላዩ መኖሩን የሚለይ የሽቦ ጥምጥም ነው። 2 በ1 ሜትር ለሆነ ሉፕ ሽቦውን 4 ዙር ጠምጥሙ። ወደ ሣጥኑ የሚሄዱትን ሁለት ጫፎች በሜትር 20 ጊዜ ያህል ግመዱ፤ ሳይገመዱ ከቀሩ ክንዱ ያለ መኪና ይነሳል። ከፌሮ ብረት 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። አስፋልት ላይ ከሆነ ለሽቦው የተቆረጠውን ስንጥቅ በፈላ ሬንጅ አትድፈኑት፤ የሽቦውን ሽፋን ያቀልጠዋል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ድንጋዩ እየተንቀሳቀሰ ሽቦውን ይበጥሳል፤ ስለዚህ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ ከአሸዋው ሥር ቅበሩት።

ሉፕ ብቻውን አይበቃም። ሲኖትራክ ሆዱ ከፍ ያለ ስለሆነ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ሉፑ ሊያጣው ይችላል፤ አሸዋ ጭነው የሚገቡት መኪኖች ጀርባ ላይ ክንድ የሚሰበረው እንዲህ ነው። በ60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ፎቶሴል (ጨረሩ ሲቋረጥ ክንዱን እንዳይወርድ የሚያደርግ መሣሪያ) ጨምሩ፤ ጭቃ መስታወቱን ሲሸፍነው ክንዱ መውረድ ስለሚያቆም በክረምት ጥበቃው በየጠዋቱ ይጥረገው።

መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር 24 ቮልት ሞተር ይሻላል፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ አገናኝቶ መሥራት ይቻላል። በቀጥታ 220 ቮልት የሚወስደው ግን ኃይል ሲዋዥቅ ካፓሲተሩ ይቃጠላል፤ ስታቢላይዘር ያስፈልገዋል።

የመልቀቂያው ቁልፍ በኮሚቴው ሰብሳቢ ኪስ ውስጥ ሳይሆን ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይንጠልጠል፤ ከጎኑም የእሳት አደጋው 939 እና የቀይ መስቀል አምቡላንሱ 907 ይጻፍ። ለቅሶ ሲኖር የእድሩን ድንኳንና ወንበር ጭኖ የሚመጣው መኪናም፣ ለቀስተኛውም ስለሚበዛ ክንዱን አንስታችሁ እስኪያበቃ ተዉት።